ከውሃው በፊት መለኪያው፦ የቤት ሶላር ፓነልን ከቆሻሻና ከአየር ጠባይ ጠብቆ ለማቆየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ጣሪያ ላይ የተተከለ ሶላር ፓነል የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ዘይት አይቀየርለትም፣ ድምፅም አያሰማም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ባለቤት ካስተከለው ቀን ጀምሮ ይረሳዋል፤ ትዝ የሚለውም ባትሪው ከወትሮው ቀድሞ መድከም ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ወዲያው የሚመጣለት ሐሳብ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ጣሪያ መውጣት ይሆናል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ይለካል፣ ቀጥሎ ከታች ሆኖ ይታያል፣ ውሃና ብሩሽ የሚነሣው ግን ሁለቱ ሥራዎች አስፈላጊነቱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ነው። የኃይል መቀነስ ሁሉ ከአቧራ አይመጣም፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ከጥገናው ሥራ ሁሉ ለሕይወት ይበልጥ የሚያሰጋው ነው፤ በማይሆን ዕቃ የተፈገፈገ መስታወትም ጭረቱ አብሮት ይኖራል።

ቆሻሻ ኃይልን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

የተለመደው የቤት ፓነል ከላይ 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ መስታወት አለው። ከመስታወቱ ሥር የሲሊከን ሴሎቹ በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መካከል ታሽገው ይተኛሉ፤ ከጀርባ እርጥበት የሚከላከል ሽፋን፣ ዙሪያውን የአሉሚኒየም ክፈፍ፣ ከኋላ ደግሞ ገመዶቹ የሚወጡባት ትንሽ ሳጥን አለች። ብዙዎቹ መስታወቶች ብርሃን እንዳያንጸባርቁ በጣም ስስ የሆነ ቅብ ስላላቸው በጥንቃቄ የሚያዙት ለጥንካሬያቸው ብቻ ተብሎ አይደለም።

ለጥገና ሥራ ከሁሉ የሚጠቅመው ዕውቀት ይህ ነው፦ ፓነሉ የሚያመነጨው አምፔር (የጅረቱ መጠን) የሚከተለው የብርሃኑን መጠን ሲሆን፣ ቮልቱ (የጅረቱ ግፊት) ግን በብርሃን መብዛትና ማነስ ብዙም አይለወጥም፤ ቮልትን የሚቀንሰው ይልቁንም ሙቀት ነው። ስለዚህ መስታወቱን በእኩል የሸፈነ አቧራ አምፔሩን ይቀንሳል እንጂ ቮልቱን ብዙም አይነካውም። ይህን የተረዳ ሰው መለኪያውን አይቶ አቧራን፣ ሙቀትንና የተበላሸ ገመድን ለይቶ ማወቅ ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር ሴሎቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተከታታይ የተያያዙ መሆናቸው ነው። በተከታታይ መስመር ውስጥ የሚያልፈው አምፔር በጣም በደከመው ሴል የሚወሰን በመሆኑ፣ አንድ ሴል ላይ የተለጠፈ ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ ጉዳቱ ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ይህን ለማቃለል በኋላው ሳጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ዳዮዶች፣ ማለትም ጅረትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ይገጠማሉ፤ እያንዳንዱ ዳዮድ የፓነሉን አንድ ሦስተኛ ይጠብቃል፣ በዚያ ክፍል ያለ ሴል በጥላ ሲታፈንም አምፔሩን በጎን አሳልፎ ይሰድዳል። ውጤቱ የፓነሉ ሲሶ ከሥራ ውጭ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ የታፈነው ሴል ኃይል ማመንጨቱ ቀርቶ ኃይል ወደ መብላት ስለሚዞር ይግላል፤ ይህ ግለት ለወራት ከቀጠለ ከጀርባ ያለውን ሽፋን ያቃጥላል፣ መስታወት እስከ መሰንጠቅም ሊያደርስ ይችላል። መላውን ፓነል በስሱ ከሸፈነ አቧራ ይልቅ አንድ ቦታ የደረቀ የወፍ ኩስ ሊያስጨንቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

አንደኛው ሥራ፦ መለካትና መመዝገብ

ፓነሉ አዲስና ንጹሕ ሳለ ደመና በሌለበት ቀን በእኩለ ቀን ገደማ ምን ያህል ዋት እንደሚሰጥ በደብተር ይጻፉ። አብዛኛው ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓነሉን ቀጥተኛ ጅረት የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት ተለዋጭ ጅረት የሚለውጠው መሣሪያ፣ እንዲሁም የባትሪውን አሞላል የሚመራው ቻርጅ መቆጣጠሪያ ይህን በራሱ ማሳያ ወይም በስልክ መተግበሪያ ያሳያል። የፀሐይ አቅጣጫ ከወር ወር ስለሚለያይ የሚነጻጸረው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ነው። ካለፈው ሳምንት ጋር ማነጻጸርም ይቻላል፤ በሁለቱም ቀናት ሰማዩ ጥርት ያለ መሆን ግን አለበት። ስስ ደመና ዓይን ሳያስተውለው ከአቧራ የበለጠ ኃይል ሊወስድ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባትሪው ከሞላ ቻርጅ መቆጣጠሪያው ፓነሉን ሆን ብሎ ስለሚገታ በማሳያው ላይ የሚታየው ዋት ትንሽ ይሆናል። ይህን አይቶ ፓነሉ ቆሽሿል ብሎ ጣሪያ መውጣት ድካምን ለከንቱ ማድረግ ነው። ልኬቱን ባትሪው ገና ባልሞላበት ሰዓት ይውሰዱ፤ ወይም ከባድ ዕቃ አብርተው ኃይሉ በሙሉ እንዲወሰድ አድርገው ይለኩ።

የሙቀትንም ድርሻ አስቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል። በፓነሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው በቤተ ሙከራ፣ የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብርሃኑ ደግሞ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ሆኖ ነው። በጠራራ ፀሐይ የሴሉ ሙቀት ከአየሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ይላል። ለምሳሌ 400 ዋት ተብሎ የተሸጠ ፓነል 65 ዲግሪ ቢደርስና ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ቢያጣ፣ 40 ዲግሪው 14 በመቶ ስለሚወስድበት የሚቀረው 344 ዋት ነው። ይህ ጉድለት በማጠብ አይመለስም።

ከአንድ በላይ የፓነል መስመር፣ ማለትም በተከታታይ የተያያዙ ፓነሎች ረድፍ፣ ያለው ሰው ይበልጥ እርግጠኛ የሚሆንበት መንገድ አለው። ቀጥተኛ ጅረትን መለካት በሚችል ክላምፕ ሜትር እያንዳንዱን ገመድ ሳይነቅል ከላይ አቅፎ አምፔሩን ማንበብ ይችላል፤ ተለዋጭ ጅረትን ብቻ የሚለካው ርካሹ ዓይነት ግን ለዚህ አይሆንም። እኩል የሆኑና ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ ሁለት መስመሮች ካሉ አንዱን ብቻ አጥቦ ልዩነቱን ማየት ከግምት ሁሉ ይበልጣል። በእኔ ፍርድ ልዩነቱ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ መሰላል ማቆም አያስፈልግም፤ ዝናብ በቅርብ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ 10 በመቶ እንኳ ሊታገሡት የሚቻል ነው።

ልኬቱ ሌላ ነገር ሲናገርም መስማት ይገባል። አምፔሩ በሁሉም መስመር በእኩል ከቀነሰ ቆሻሻ መሆኑ አይቀርም። አምፔሩ ደህና ሆኖ የአንዱ ፓነል ቮልት በሲሶ ከወረደ ከዳዮዶቹ አንዱ ተበላሽቷል፣ ወይም አንድ ክፍል በጥላ ታፍኗል። ምንም ንባብ ከሌለ ፊውዝ፣ ብሬከር ወይም የገመድ ማገናኛው ኮኔክተር ይጠረጠራል። ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ኢንቨርተሩ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ቀትር ላይ ራሱ ከተስተካከለ፣ የሆነ ቦታ ላይ ገመድ ወይም ኮኔክተር እርጥበት እያስገባ ነው ማለት ነው። ከቆሻሻው በቀር እነዚህን የገመድና የዕቃ ብልሽቶች ውሃና ሳሙና አይፈታቸውም።

ሁለተኛው ሥራ፦ ከመሬት ሆኖ መመልከት

አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ወይም የስልክን ካሜራ አጉልቶ ፓነሎቹን አንድ በአንድ መቃኘት ይቻላል። የሚፈለጉት ምልክቶች የተሰነጠቀ መስታወት፣ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ የዞረ ሴል፣ ከመስታወቱ ሥር የተነፋ አረፋ፣ የቀንድ አውጣ ዱካ የመሰለ ቀጭን መስመር፣ ከመስመር ወጥቶ ዘንበል ያለ ክፈፍና የተንጠለጠለ ገመድ ናቸው። ዘንድሮ ያነሡትን ፎቶ ከዓምናው ጎን አድርጎ ማየት፣ ዓይን የለመደውን ለውጥ እንደገና እንዲታይ ያደርጋል።

የፓነል መስታወት ሲሰበር ተበታትኖ አይወድቅም፤ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ባለበት ይቆያል፣ ኃይልም ማመንጨቱን ይቀጥል ይሆናል። ይህ ማመንጨቱ ሰውን ያታልላል። በስንጥቁ የሚገባ ውሃ የውስጡን ሽቦ ያዝጋል፤ በእርጥብ ጊዜ ደግሞ ክፈፉ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ፓነል አይታጠብም፣ በባዶ እጅም አይነካም፤ ባለሙያ መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ ያለበት መስመር ይዘጋል።

ሦስተኛው ሥራ፦ ማጠብ

ሰዓቱ ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ስለሚያመጣ፣ በተለይ ቀድሞ ጭረት ወይም ጉዳት ያለበትን መስታወት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ውሃውም ሳይጠረግ ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋል። ማለዳ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሌሊት ያረፈው ጤዛ አቧራውን አላልቶ ይጠብቃል። ይኸው ጤዛ ሳይጠረግ ፀሐይ ካደረቀው ግን አቧራውን መልሶ እንደ ጭቃ ያጣብቀዋል። ለወራት የተረሳ ፓነል ላይ ቆሻሻው እንደ ልስን የሚደርቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሥርዓቱን በአምራቹ መመሪያ ቅደም ተከተል ያጥፉ፤ በአብዛኛው ኢንቨርተር መጀመሪያ በተለዋጭ ጅረት በኩል ያለው ብሬከር፣ ከዚያ በፓነሉ በኩል ያለው ማቋረጫ ይዘጋል። ሆኖም ብሬከሩን መዝጋት ፓነሉን አያጠፋውም፤ ብርሃን እስካለ ድረስ በገመዶቹ ጫፍ ቮልት አለ። በርካታ ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ የቤት ሥርዓት እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይደርሳል፤ የቀጥተኛ ጅረት ብልጭታም አንዴ ከተነሣ በራሱ ለመጥፋት የሚያስቸግር ነው። በምንም ምክንያት ኃይል እየተላለፈ ሳለ ኮኔክተር አይንቀሉ።

መሰላሉ በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። ከታች የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ሳይኖር አይወጣም። ጣሪያው ተዳፋት ከሆነ የደኅንነት ቀበቶና የታሰረ ገመድ ያስፈልጋል፤ ርጥብ ቆርቆሮ ላይ ምንም ዓይነት ጫማ አያስተማምንም። ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ከመሬት ወይም ከመሰላል ሆኖ መድረስ ከተቻለ ጣሪያው ላይ መውጣት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ምርጫ ካለ ይህን ይምረጡ። ፓነሉ ላይ መቆም፣ መንበርከክም ሆነ በክርን መደገፍ ክልክል ነው። መስታወቱ ክብደቱን ይችለው ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ሴል ግን ከወረቀት ብዙም የማይወፍር የሲሊከን ቅጠል ስለሆነ ለዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከዓመታት የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ጋር እየሰፋ ይሄዳል።

ለሥራው የሚበቃው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ባልዲ፣ ለስላሳ ፀጉር ያለው ብሩሽ ወይም ስፖንጅ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ጫፉ ላስቲክ የሆነ የመስኮት መጥረጊያና ውሃ። ውሃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል፤ ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ደጋግሞ ሲደርቅ መስታወቱ ላይ የማይለቅ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ሌላ ውሃ ከሌለ በላስቲኩ መጥረጊያ ሳይደርቅ ቶሎ መጥረግ ግድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሳይነኩ ውሃ ብቻ ያፍስሱ፤ ልቅ የሆነው አሸዋና አቧራ ይውረድ። ይህን ዘለው በደረቁ ቢፈገፍጉ አሸዋው ራሱ መስታወቱን ይቧጥጠዋል። ደቂቃ ያህል ቆይተው በራሰ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይጫኑ ይጥረጉ፤ ብሩሹን በየፓነሉ መካከል ያለቅልቁት። ከታች ያለውን የክፈፍ ጠርዝ በተለይ ያጽዱ፤ ከላይ የወረደው ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ የመጨረሻውን የሴል ረድፍ የሚሸፍነውም እሱ ነው። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው በላስቲክ መጥረጊያው ያድርቁ። ለእያንዳንዱ ፓነል ጥቂት ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ውሃ ማብዛት ንጽሕና አይጨምርም።

የወፍ ኩስ በጥፍርም በቢላም አይፋቅም። ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክሮ ለ10 ደቂቃ ያህል መደረብ፣ ከዚያ በስፖንጅ ማንሣት ይበቃዋል፤ ካልለቀቀ ይደገማል። የዛፍ ሙጫን በአይሶፕሮፒል አልኮል የራሰ ጨርቅ ያስለቅቀዋል፤ አልኮሉ በትንሹ ይነካል፣ ወዲያው በውሃ ይታጠባል። የማብሰያ ቤት ጥቀርሻና የመኪና ጭስ ቅባት ስላላቸው ውሃ ብቻ አይበግራቸውም፤ በባልዲው ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ይቻላል፣ ነገር ግን ሳሙናው በደንብ ካልታጠበ የሚተወው ስስ ሽፋን አዲስ አቧራ ይስባል። በክፈፉ ጥግ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽበት ሥሩን ሳይሰድድ ገና ትንሽ ሳለ ቢነቀል ይሻላል።

በረኪና፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ጠንካራ አሲድ፣ የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦና አሸዋነት ያለው ማጽጃ ሁሉ ከዚህ ሥራ ይራቁ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚረጨው የመኪና ማጠቢያ ማሽንም እንዲሁ፤ ግፊቱ ውሃውን በክፈፉ ጠርዝ፣ በኋላው ሳጥንና በኮኔክተሮቹ ውስጥ ያስገባዋል። ፓነሉ የተሠራው ከሰማይ የሚወርድ ዝናብን እንዲችል ነው፤ በቅርብ ርቀት ከጎንና ከሥር የሚመጣን ውሃ እንዲችል አይደለም። መኪናን ያጠራ ማሽን ፓነልን ምን ይለዋል የሚለው አባባል በብዛት የሚሰማ በመሆኑ ይህን ደግሜ እናገራለሁ።

ስንት ጊዜ ይታጠብ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። ዝናብ በሚበዛበትና ፓነሉ በደንብ ዘንበል ባለበት ቦታ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ ደረቅ ወራት በሚረዝሙበት፣ የጠጠር መንገድ፣ የሚታረስ መሬት ወይም የድንጋይ መፍጫ አጠገብ ባለ ቤት ግን በየወሩ ማየት ተገቢ ይሆናል። የሚወስነው ደብተሩ ነው።

ቆሻሻውን ከምንጩ መቀነስ

ዝንባሌው ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ፓነል ዝናብ በደንብ አያጥበውም፤ ውሃው በታችኛው ክፈፍ ላይ ቆሞ እዚያው ይደርቃል፣ ጭቃውን ትቶ ይሄዳል። ገና በመተከል ላይ ያለ ፓነል ከሆነ ዝንባሌውን ከዚህ ከፍ ማድረግ ወደፊት ብዙ የማጠብ ሥራ ያስቀራል። ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሦስት ጉዳት አለው፤ ጥላ ይጥላል፣ ቅጠልና ሙጫ ያወርዳል፣ ለወፎችም ማረፊያ ይሆናል። ጥላው የሚታየው በማለዳና በማታ በመሆኑ ቀትር ላይ ብቻ የሚመለከት ሰው አያገኘውም።

ወፎች በፓነሉና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት ለጎጆ ይወድዱታል። ጎጆው የአየር ዝውውርን ይዘጋል፤ ጭራሮውና ደረቅ ሣሩም ከሚግል ገመድ አጠገብ የተቀመጠ ማገዶ ነው። ዙሪያውን በማይዝግ የሽቦ መረብ መዝጋት ሁነኛ መፍትሔ ነው፤ መረቡ ክፈፉን በመንጠቆ ይያዝ እንጂ ክፈፉ አይበሳ። ክፈፍ መብሳት ጥንካሬውን ይቀንሳል፣ ዋስትናውንም ያሳጣል።

ከአየር ጠባይ መጠበቅ

ሙቀትን የሚከላከለው ነፋስ ነው። በፓነሉና በጣሪያው መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ የሞቀው አየር ወደ ላይ እየወጣ ቀዝቃዛው ይተካል፤ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ የተተከለ ፓነል ግን ይበልጥ ይግላል። ክፍተቱ በቅጠል እንዳይደፈን በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

ነፋስን በተመለከተ የሚያሰጋው የሚገፋው ብቻ ሳይሆን ከሥር ገብቶ ሽቅብ የሚያነሣው ነው፤ ይህ ኃይል በጣሪያው ጠርዝና ጥግ ላይ ይበረታል። ፓነሎች በአብዛኛው ለነፋስ 2400 ፓስካል ጫና እንዲችሉ ይፈተናሉ፤ ይህም በካሬ ሜትር 245 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ማለት ነው። ፓነሉ ይህን ሊችል ይችላል፤ የያዘው ብሎን ከላላ ግን ጥንካሬው አይጠቅመውም። ክፈፉ በቀን እየተለጠጠ በሌሊት እየተኮማተረ ስለሚኖር ብሎን በጊዜ ብዛት ይላላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከኃይለኛ ነፋስ በኋላም እንደገና፣ የያዙትን መቆንጠጫዎች ሁሉ በልኩ በተስተካከለ መፍቻ መፈተሽ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ማጥበቅም ጉዳት ነው፤ ክፈፉን ያጣምማል፣ በክፈፉም በኩል መስታወቱን ያስጨንቀዋል። የዛገ ብሎን ሲገኝ በማይዝግ ብረት ይተካ፤ ተራ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ባለበት ሲነካካ አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል።

ወደ በረዶ ስንመጣ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ፈተና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ኳስ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፓነሉ 11 ቦታዎች ላይ ይወረወራል። የተለመደውን የበረዶ ጠጠር አብዛኞቹ ፓነሎች የሚቋቋሙት ለዚህ ነው። ከዚህ የገዘፈ በረዶ ከወረደ በኋላ ግን መስታወቱ ደህና ቢመስልም አምፔሩን ከቀድሞው ልኬት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በረዶ ይመጣል ብሎ ጣሪያ ወጥቶ ብርድ ልብስ ማልበስ ግን አልመክርም፤ ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ጣሪያ ላይ መገኘት ከፓነሉ የሚበልጥ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። በረዶ በሚከመርባቸው ቀዝቃዛ አገሮች ደግሞ ለስላሳ መጥረጊያ ብቻ ይበቃል፤ ብረት አካፋም ሆነ የፈላ ውሃ አይነካውም።

መብረቅ በቀጥታ ከወደቀ የሚከላከለው ጥቂት ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንቨርተር የሚያቃጥለው በአካባቢው የወደቀ መብረቅ በገመዶቹ ውስጥ የሚፈጥረው ድንገተኛ የቮልት ጭማሪ ነው፤ ለዚህ መከላከያ አለ። ክፈፎቹና የተቀመጡበት ብረት በሙሉ ከመሬት ሽቦ ጋር መገናኘት አለባቸው፤ ይህ ማያያዣ ዝጎ ወይም ተላቆ እንደሆነ በየዓመቱ ይታይ። በኢንቨርተሩ በሁለቱም በኩል የሚገጠመው የቮልት ጭማሪ መከላከያ ትንሽ መስኮት አለው፤ በብዙዎቹ ላይ አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነው፣ ወደ ቀይ ከዞረ ተግባሩን ፈጽሞ አልቋልና ይቀየራል። የነጎድጓድ ወራት ካለፈ በኋላ ይህችን መስኮት ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አዎንታዊና አሉታዊ ገመዶቹ ተጠጋግተው መሄዳቸውም ይረዳል፤ ተራርቀው ሰፊ ቀለበት ከሠሩ የመብረቁን ኃይል የሚሰበስቡ አንቴና ይሆናሉ።

ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው የጨው ጤዛን፣ የከብት ወይም የዶሮ ማርቢያ አጠገብ ያለ ደግሞ የአሞኒያ ጋዝን ማሰብ አለበት። ሁለቱንም የሚቋቋሙ ፓነሎች የሚፈተኑባቸው የተለዩ ደረጃዎች ስላሉ፣ ሲገዙ በመግለጫው ላይ መኖራቸውን ማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውሃ ቶሎ ቶሎ ማለቅለቅና ብሎኖቹን መከታተል ይቀራል።

ገመድና ኮኔክተር

መስታወቱ ሲያብረቀርቅ ሁሉም ደህና የሆነ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን በጥገና ጊዜ በጣም የሚረሳው ከፓነሉ ሥር ያለው ነው። ገመዱ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ከሆነ ነፋስ በወዘወዘው ቁጥር በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ይፋቃል፤ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥም ይተኛል። ተራ የፕላስቲክ ማሰሪያ በፀሐይ ጨረር ደርቆ በጥቂት ዓመታት ስለሚበጠስ፣ ጨረር በሚችል ወይም በማይዝግ ብረት መያዣ ከክፈፉ ጋር መያያዝ አለበት። ገመዱ ወደ ሳጥን ወይም ወደ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ተመልሶ ይውጣ፤ ያን ጊዜ የዝናብ ውሃ ከጉብታው ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ አይገባም።

ኮኔክተሮች ሲታዩ የቀለጠ፣ የጠቆረ ወይም የላላ ይፈለጋል። የሁለት አምራቾች ኮኔክተሮች ተመሳስለው ቢገጥሙም የውስጥ ልካቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ ግንኙነቱ ይላላል፤ የላላ ግንኙነት ይግላል፣ የጋለው ይቀልጣል፣ እሳትም የሚነሣው ከዚህ ነው። የአይጥ ጥርስ ያረፈበት ገመድ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሎ አይታለፍም፤ ለፀሐይ ሥራ በተዘጋጀ ገመድ ይተካል።

ኢንቨርተርና ባትሪ

ስለ እነዚህ በአጭሩ ልለፍ። ኢንቨርተሩ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚንቀሳቀስበት ግድግዳ ላይ ይሁን፤ የማቀዝቀዣ ክንፎቹና የአየር ማጣሪያው አቧራ በየጥቂት ወሩ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ይጨመራል፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጂን የሚቀጣጠል በመሆኑ ክፍሉ መስኮት ይኑረው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም።

በደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ?

ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ ዋቱ፣ ከተቻለ የእያንዳንዱ መስመር ቮልትና አምፔር ይመዘገባል። ታጥቦ ከሆነ ከማጠብ በፊትና በኋላ ያለው ልኬት በጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱ ልኬቶች በአንድ ሰዓት ክልል በተለያዩ ቀናት እንጂ አንዱ በማለዳ ሌላው በቀትር መወሰድ የለባቸውም። ብሎን የጠበቀበት፣ የቮልት መከላከያው የታየበትና ገመድ የተተካበት ቀንም ይገባል። የፓነሎቹ መለያ ቁጥርና የጀርባቸው ጽሑፍ ፎቶ ከደብተሩ ጋር ይቀመጥ፤ አንድ ፓነል ተሰብሮ ሌላ መተካት ሲያስፈልግ የሚፈለገው ተመሳሳይ ዋት ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ አምፔር ያለው ነው፣ አነስተኛ አምፔር ያለው አዲስ ፓነል በተከታታይ መስመር ውስጥ ከገባ ሌሎቹን ሁሉ ወደ ራሱ ልክ ያወርዳቸዋልና። የተነሣው አሮጌ ፓነልም ብርሃን ሲያገኝ ማመንጨቱን ስለማይተው፣ ፊቱ ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ተሸፍኖ የገመዱ ጫፎች ለየብቻ ተጠቅልለው ይቀመጡ።